አምስተኛው ስኒ

ከአንድ ቡና ላኪ ድርጅት መጋዘን በላይ፣ በሁለተኛው ፎቅ፣ መስኮቷ ወደ ሰሜን የዞረ አንዲት የቡና መቅመሻ ክፍል አለች። መስኮቱ ወደዚያ የዞረው በአናጢ ስሕተት አይደለም፤ ቀጥተኛ ፀሐይ የቡናውን ፍሬ ቀለም እንደ ውሸታም ደላላ አሳምሮ ስለሚያቀርብ፣ የማያዳላ ብርሃን እንዲገባ ታስቦ ነው። በክፍሏ መካከል በጣት ሲነኩት የሚዞር ክብ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው አጠገብ እስከ ወገብ የሚደርስ የቆርቆሮ መትፊያ፣ በግድግዳው ላይ ደግሞ በመስታወት የተሸፈነ አንድ ወረቀት ይገኛሉ። በወረቀቱ ላይ አርባ ሦስት ቃላት ተጽፈው ነበር፤ ቡና በሰው አፍ ውስጥ ሊናገር የሚችለው ሁሉ በእነዚያ አርባ ሦስት ቃላት ተወስኖ ኖሯል። አርባ አራተኛውን ቃል ያመጣችው ስኒ አጣቢዋ ናት።

ይህች ሴት በዚያች ክፍል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስኒ አጥባለች። ሥራው ለሰሚው ቀላል ነው፤ ለሠሪው ግን ሥርዓት አለው። ለእያንዳንዱ ናሙና አምስት ስኒ ይሰለፋል፤ አንዲት የበሰበሰች ፍሬ በአንዱ ስኒ ተደብቃ አራቱ ንጹሕ ሊሆኑ ይችላሉና። ስኒዎቹ ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠባሉ፤ በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ ይለቀለቃሉ፤ ተደፍተውም በነፋስ ይደርቃሉ እንጂ ጨርቅ አይነካቸውም። ጨርቅ ይሸታል። እሷም ብትሆን ሽቶ መቀባት፣ ሽንኩርት ከትፋ መምጣት፣ እጇን ቅባት ማስነካት ክልክሏ ነበር። በቅምሻ ሰዓት መናገር ለማንም አይፈቀድም፤ እሷ ግን ዝምታውን ከክፍሉ ውጭም ይዛው ስለምትወጣ፣ የጆንያ ተሸካሚዎቹ አለቃ፣ ለሰው ሁሉ ስም የሚያወጣው ቀልደኛ፣ «እትዬ ዝምታ» ብሎ ሰየማት። ስሙም እንደ ማኅተም ተለጠፈባት።

ዋናው ቀማሽ በዚያው ሰው አንደበት «ጋሼ ምላስ» ነበሩ፤ ፊት ለፊታቸው ግን ስሙን የደፈረ አልነበረም። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ኮሌታቸው ሁልጊዜ የነጣ ሰው ናቸው። አንድ ጊዜ ከአንድ ስኒ ፉት ብለው ተፉና፣ «ይህ ቡና ከሽንኩርት ጋር ተጉዟል» አሉ። የጭነት መኪናው ነጂ ማለ፣ ተገዘተ። በኋላ የመኪናው ወለል ሳንቃ ሲነሣ ከሥሩ ሦስት የደረቁ ሽንኩርቶች ወጡ። እትዬ ዝምታ ያን ቀን ያንን ስኒ ሳታጥብ ለረጅም ጊዜ ይዛው ቆመች። ምን ይታያል? ምንም። እሳቸው ግን ከዚያ ምንም ውስጥ መንገዱን፣ መኪናውንና የነጂውን ውሸት አንብበው ነበር። የሰው ምላስ ይህን ያህል ማየት ከቻለ፣ እሷ ሁለት ዓይን ይዛ ዕድሜዋን በጨለማ መኖሯ ነው ስትል አሰበች።

ራሷ ቡና አትጠጣም፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ልቧን ያርገበግባት ነበርና። ነገር ግን ከማጠቧ በፊት በየስኒው ሥር የቀረውን አተላ ታሸት ነበር። ማንም አላዘዛት፣ ማንም አላያት። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በቀን ከመቶ ያላነሰ ስኒ አሽትታለች፤ ይህም ዕውቀት ሊባል እንደሚችል አልጠረጠረችም።

ነገሩ የተገለጠው ሽታ የሌለው ሳሙና ባለቀበት ቀን ነው። ዕቃ ግምጃ ቤቱ በምትኩ የጽጌረዳ ሳሙና ላከላት። እሷም ተጨንቃ እያንዳንዱን ስኒ በሦስት ፈንታ አምስት ጊዜ ለቀለቀች። የመጨረሻውን ስኒ ይዛ ሳለ ስልኳ ጮኸ። ባሏ ነበር።

«የት ነው ያስቀመጥሽው?»

«ምኑን?»

«የቤቱን ቁልፍ ነዋ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ቁልፍ ሠሪ አይደለህም እንዴ?»

«እኔ የምሠራው ለሰው ነው እንጂ ለራሴ ሠርቼ ዐውቃለሁ?»

ቁልፉ በኮቱ ኪስ መሆኑን ነግራው ስትመለስ ሰዓቱ ደርሶ ነበር። ስኒዎቹን አሰለፈች፤ ዱቄቱ ገባ፤ የፈላው ውሃ ተጨመረ። ጋሼ ምላስ ጠረጴዛውን በጣታቸው እያዞሩ፣ ፉት ሲሉ እንደሚቀደድ ጣቃ እያሰሙ ይቀምሱ ጀመር። አንደኛው ስኒ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። አራተኛውን ሲያነሡ እትዬ ዝምታ ድንገት ትዝ አላት፤ አምስተኛው ስኒ አልተለቀለቀም! አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ማንኪያው አምስተኛው ስኒ ውስጥ ገባ። ፉት አሉ። ዓይኗን ጨፍና ጩኸታቸውን ጠበቀች፤ ከዚህ ቀደም አንድ ሠራተኛ ሽቶ ተቀብቶ ስለገባ ብቻ ሃያ አምስት ስኒ ያስደፉ ሰው ናቸውና።

«ንጹሕ» አሉ ጋሼ ምላስ። «አምስቱም ንጹሕ።»

ጻፉትም።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ስኒውን አንሥታ አሸተተች። እንደ ሙሽራ ሻንጣ ይሸታል። በወንበራቸው ላይ ተቀመጠች፤ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚያ ወንበር ስትቀመጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ከሥራ ስትወጣ ቀጥታ ወደ ባሏ ቁልፍ ቤት ሄደች። ሱቁ ከቁም ሣጥን እምብዛም አይበልጥም፤ ሁለት ሰው ከገባ አንዱ ትንፋሹን መያዝ አለበት። ሞረዱ ይፋጫል፤ የናስ ብናኝ በጉልበቱ ላይ ይረግፋል። የሆነውን ነገረችው።

«ታዲያ ምን ይሁን? ሰውዬው አረጁ» አለ ሞረዱን ሳያቆም።

«አፍንጫ እንዴት ያረጃል?»

«የኔ ጉልበት እንዴት አረጀ?»

«አትቀልድ። ብናገር እሳቸው ይወድቃሉ። ዝም ብል ደግሞ የተበላሸ ቡና ንጹሕ ተብሎ ይሄዳል፤ ያኔም የሚወድቁት እሳቸው ናቸው፤ እኔም ዐውቄ ዝም ያልኩ እሆናለሁ።»

«እንግዲያው ለራሳቸው ንገሪያቸዋ! ላለቃ አላልኩሽም፣ ለራሳቸው። ግን ማን ይናገር? ካንቺ አንድ ቃል ከማውጣት ከበር ላይ የዛገ ቁልፍ ማውጣት ይቀላል።»

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉ ቀድማ ገባች። ጋሼ ምላስ ግን ቀድመዋት ተቀምጠው ነበር። ፊት ለፊታቸው ቀማሾች አፍንጫቸውን የሚያሠለጥኑባቸው ትንንሽ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

«ነይ እስቲ» አሉ፣ ልጅ እንደሚፈትን መምህር። «ይህ ምንድን ነው?»

«ቅርንፉድ።»

«ይህስ?»

«የብርቱካን ልጣጭ።»

«ይህኛውስ?»

አሸተተች፤ ደግማ አሸተተች። ከዚያ ፈራ ተባ እያለች፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ባዶ ነው» አለች።

ጠርሙሱን ከእጇ ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አነሡት። እውነትም ባዶ ነበር፤ ሽታው ተንኖ አልቋል። ጠርሙሱን ወደ ቦታው መለሱት።

«ትናንት አምስተኛው ስኒ ሳሙና ነበረበት» አለች፤ ቃሉ ከአፏ እንዴት እንዳመለጠ እሷም አላወቀችም። «ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የምን ሳሙና?»

«የጽጌረዳ።»

«የጽጌረዳ» አሉ ጋሼ ምላስ፣ የሟች ወዳጅ ስም እንደሚያነሣ ሰው። ቀጥለውም ነገሯት። ከሁለት ወር በፊት የያዛቸው ጉንፋን ሲለቃቸው አፍንጫቸውን ይዞ ሄዷል። «ጣዕም የምላስ ነው፤ ጎምዛዛው፣ መራራው፣ ጣፋጩ አለኝ። ቃና ግን የአፍንጫ ነው። ከዘፈን ከበሮው ብቻ ቀርቶ ዜማው ቢጠፋ ምን ትሰሚያለሽ? ይኸው እኔ ሁለት ወር ከበሮ ስሰማ ከረምኩ።»

«ታዲያ እንዴት ይጽፋሉ?»

«በትዝታ። ቡናው ከየትኛው ተራራ እንደ መጣ አነብና አምና የነገረኝን እጽፋለሁ።» ቀና ብለው አዩዋት። «ከሦስት ወር በኋላ ፈታኞች ይመጣሉ፤ በየሦስት ዓመቱ የቀማሽን ምላስ የሚመረምሩ። እስከዚያ ይመለሳል ብሎኛል ሐኪሙ። እስከዚያ አፍንጫ አበድሪኝ።»

ትምህርቱ በዚያው ጠዋት ተጀመረ። ማንኪያ ሰጧት። እሷም እንደ ጨዋ ሴት ያለ ድምፅ ቀመሰች።

«ጠጪ አላልኩሽም፤ ሳቢው! ከአየር ጋር። ጩኺ! እዚህ ቤት ጨዋነት የለም።»

ሳበችው። ቡናው መንገድ ስቶ በአፍንጫዋ ወጣ፤ ሸሚዛቸውን ረጨው። እትዬ ዝምታ በድንጋጤ ደረቀች፤ ጋሼ ምላስ ግን የነጣ ኮሌታቸውን አይተው እስኪያነቡ ሣቁ። «አፍንጫዬ ባያሸት ሸሚዜ ይሽተት» አሉ። እሷም ሣቀች፤ የጆንያ ተሸካሚዎቹ አለቃ ከታች ሆኖ፣ «ፎቅ ላይ ሣቁን ያሰማው ማነው?» ብሎ ጮኸ።

በሦስተኛው ሙከራ ተሳካላት።

«ምን ይላል?»

«ቡና ቡና ይላል።»

«ቀጥይ።»

«ይጎመዝዛል።»

«ቀጥይ።»

ስኒው ሲበርድ እንድትደግመው አዘዟት። ደገመችው፤ ዓይኗም ፈጠጠ። በትኩስነቱ እንደ ሎሚ የነከሳት ያ ቡና፣ ለብ ሲል የበሰለ ኮክ ሆኖ ለዝቧል፤ ፈጽሞ ሲበርድ ደግሞ ማር የነካው እንጨት መሰለ። አንድ ስኒ ነው። ማንም ምንም አልጨመረበትም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አጥባ የደፋችው ነገር ይህ ኖሯል! እጇን በአፏ ጫነች፤ ጫማውን ማውለቅ ረስቶ ቤተ መቅደስ እንደገባ ሰው ደነገጠች። ጋሼ ምላስ ፊቷን አይተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ እሳቸውም እንደዚያ የደነገጡባትን ቀን ያስታወሱ ይመስላል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ከተማው ሌላ ሆነባት። መንገዱ ሁሉ መናገር ጀመረ፤ የአናጢው ሰጋቱራ፣ የጫማ ሠሪው ማስቲሽ፣ ካፊያ የነካው ትኩስ አስፋልት። ከወረቀቱ ላይ ያሉትን ቃላት ፍለጋ ወደ ገበያ ወርዳ፣ ፍራፍሬውን አንድ በአንድ እያነሣች ታሸት ነበር።

«እትዬ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልትስሚው?» አላት ፍራፍሬ ሻጩ።

«ልሰማው ነው» አለች። ሰውዬው ለጎረቤቱ በዓይኑ ጠቀሰ።

ጋሼ ምላስ በአንድ ነገር ግን ጨካኝ ነበሩ። አንድ ቀን አንዱን ቡና ቀምሳ «የተተኮሰ አንሶላ» ብትላቸው በማንኪያቸው ግድግዳውን አመለከቱ። «ከወረቀቱ ውጭ ቃል የለም። ሁሉም የገዛ ቤቱን ቃል ካመጣ፣ ባሕር ማዶ ያለው ገዢ ምን ይሰማል? የምታውቂውን ሳይሆን ሁሉ የሚያውቀውን ተናገሪ።» እሷም ታዘዘች። ጠዋት ጠዋት ሰው ሳይገባ ትቀምሳለች፤ እሳቸው ይጽፋሉ። በእነዚያ ሦስት ወራት ከክፍሏ የወጣ ፍርድ አልተሳሳተም። የጋሼ ምላስ አፍንጫ ግን አልተመለሰም።

ፈታኞቹ ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀር፣ እትዬ ዝምታ ስኒ እየደፋች፣ ፊቷን ሳታዞር ተናገረች።

«ማንኪያዎቹን የማስቀምጠው እኔ ነኝ።»

«እና?»

«ጉድለት ያለበት ስኒ ካለ፣ የማንኪያውን አፍ ወደሱ አዞረዋለሁ። ማንም አያውቅም።»

ጋሼ ምላስ ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ቢታወቅ አንቺም ትባረሪያለሽ።»

«ዐውቃለሁ።»

ጋሼ ምላስ ብዕራቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ።

በፈተናው ቀን ሁለት ፈታኞች መጡ፤ መነጽሯን በግንባሯ ላይ የሰካች አንዲት ሴትዮና የሩጫ ዳኛ ይመስል ሰዓት በአንገቱ ያንጠለጠለ አንድ ሰውዬ። ሥራ አስኪያጁም ኮቱን ቆልፎ በበሩ አጠገብ ቆመ። በጠረጴዛው ላይ ሦስት ናሙና፣ ዐሥራ አምስት ስኒ ተሰለፈ። ውሃውን ባለ ሰዓቱ ራሱ ቀዳ። ከስኒዎቹ ውስጥ ሆን ተብሎ የተበላሸ አንድ እንዳለ አስታወቁ፤ ዋናው ቀማሽ የትኛው እንደሆነና ምን እንደነካው መናገር አለባቸው።

እትዬ ዝምታ ማንኪያዎቹን ልታስቀምጥ ጠረጴዛውን ዞረች። በሁለተኛው ናሙና፣ በሁለተኛው ስኒ ላይ እንፋሎቱ ነገራት። የማንኪያውን አፍ ወደዚያ አዞረች፤ ወደ ኋላዋም ተመልሳ ከመታጠቢያው አጠገብ ቆመች። ልቧ ቡና እንደ ጠጣች ይርገበገብ ነበር።

ጋሼ ምላስ መጡ፤ ማንኪያውን አዩት። አነሡት። አንድ እርምጃ ነበር የቀራቸው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የተከበረ ስማቸው በዚያች ማንኪያ አፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ዞር ብለው ወደ መታጠቢያው ሄዱና ማንኪያውን በእጀታው በኩል ለእትዬ ዝምታ ዘረጉላት።

«ሥራ አስኪያጅ» አሉ፣ ድምፃቸው ሳይዋልል፤ «እኔ ከአምስት ወር ወዲህ አፍንጫ የለኝም። የዚህች ክፍል አፍንጫ እሷ ናት።»

«ጋሼ፣ ቀልድ ነው?»

«ቀልድ ቢሆንማ አንተ ቀድመህ ትስቅ ነበር።»

ሴትዮዋ መነጽሯን ከግንባሯ ወደ ዓይኗ አወረደች። ስኒ አጣቢዋን ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ቀጥላም፣ «ትቅመስ» አለች።

እትዬ ዝምታ ሳበችው፤ ክፍሉ በድምፁ ተሰነጠቀ። ዐሥራ አምስቱንም ስኒ ዞረች፤ ሲበርዱ ጠብቃ ደግማ ዞረች። «ሁለተኛው ናሙና፣ ሁለተኛው ስኒ» አለች። «የረጠበ ጆንያ።» ከወረቀቱ ላይ ያለ ቃል ነበር። ሴትዮዋ ራሷን ነቀነቀች፤ ልክ ነው።

«ሌላም አለ» አለች እትዬ ዝምታ።

«ሌላ የለም፤ ያበላሸነው አንድ ብቻ ነው» አለ ባለ ሰዓቱ።

«አለ። ሦስተኛው ናሙና፣ አምስተኛው ስኒ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

ወደ ግድግዳው አየች። አርባ ሦስቱን ቃላት ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ አንዱም አልነበረም። ጋሼ ምላስን አየች፤ እሳቸው የከለከሏትን ልትሠራ ነው።

«ቁልፍ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ ሣቀ። ባለ ሰዓቱም ሣቀ። «ቁልፍ ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?»

አንገቷን ደፋች። ዝምታዋ ሊመለስባት ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ያኔ ከጀርባዋ የጋሼ ምላስ ድምፅ መጣ።

«ቀጥይ።»

«አዲስ ቁልፍ ሲሞረድ» አለች። «ሞረዱ ሲግል፣ ብናኙ ሲረግፍ። የባሌ ሱቅ እንደዚያ ይሸታል። ከቡናው አይደለም፤ ቡናው ከአራቱ ጋር አንድ ነው። ከውሃው ነው።»

ሴትዮዋ ማንኪያዋን አነሣች። ከአምስተኛው ስኒ ሳበች፤ ቆመች፤ ደግማ ሳበች። ከዚያ ወደ ባለ ሰዓቱ ዞረች። ሰውዬው ቀስ በቀስ ቀላ።

«ውሃው ለመጨረሻው ስኒ አልበቃ ብሎኝ ነበር» አለ። «ከመደርደሪያው አዲሱን የብረት ማንቆርቆሪያ አውርጄ በሱ አፈላሁ... ዛሬ ነው ከካርቶኑ የወጣው።»

በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የጠረጴዛው መዞር ብቻ ነበር፤ ማን እንደ ነካው አይታወቅም።

ጋሼ ምላስ በሳምንቱ በፈቃዳቸው ወንበሩን ለቀቁ፤ እትዬ ዝምታም ለስድስት ወር ሙከራ ተቀመጠችበት። ከመሄዳቸው በፊት መስታወቱን ከግድግዳው አውርደው፣ በወረቀቱ ግርጌ በራሳቸው እጅ «የሚሞረድ ቁልፍ» ብለው ጻፉ። ባሏ ይህን ሲሰማ ለደንበኛው ሁሉ፣ «ቃሉን ያዋስኳት እኔ ነኝ» እያለ ጉራውን ነዛ፤ የቤቱን ቁልፍ ግን አሁንም እሷ ናት የምትፈልግለት። የጆንያ ተሸካሚዎቹ አለቃም አዲስ ስም ሊያወጣላት ሦስት ቀን አሰበና አቃተው።

ረቡዕ ረቡዕ ጋሼ ምላስ ይመጣሉ። ኮሌታቸው እንደ ነጣ ነው። በእንግዳ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፤ እሷም የሳምንቱን ምርጥ ቡና በሁለት ስኒ ትቀዳለች። ለእሳቸው መራራ ሙቅ ውሃ መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ። አንድ ረቡዕ፣ ከሩቅ ተራራ የመጣ አዲስ ቡና ነበር፤ እሷም ከሳበችው በኋላ ሳትተፋው ዋጠችው፤ ከልጅነቷ ወዲህ የዋጠችው የመጀመሪያው ቡና ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ምን አለሽ?» አሉ፣ ስኒያቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

«በመጀመሪያ ጽጌረዳ፤ የሳሙናው ሳይሆን እውነተኛው» አለች። «ጠዋት፣ ጤዛው ሳይለቀው። ከዚያ...»

ቃል ፍለጋ ቆመች። ጋሼ ምላስ ፉት አሉ፤ ዓይናቸውንም ጨፈኑ።

«ቀጥይ» አሉ።